የሕመምተኛው ቃል

ትኩሳት በመሣሪያ ይለካል፤ የሕመም ዋና ምስክር ግን የታማሚው ቃል ነው። ቃሉ ባይታመንሳ?

በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ 222 ነጮች የሕክምና ተማሪዎችንና ተለማማጅ ሐኪሞችን ጠየቁ። ግማሽ ያህሉ «የጥቁር ሰው ቆዳ ከነጭ ይልቅ ወፍራም ነው» ከሚለው ዓይነት ሐሰት ቢያንስ አንዱን ተቀብለው ተገኙ። እነዚህ ማይማን አይደሉም፤ የተማሩ ናቸው! ሐሰቱን ያመኑትም እግሩ የተሰበረውን ጥቁር በሽተኛ ሕመም አቅልለው ገመቱ፤ የመድኃኒት ምክራቸውም ከትክክለኛው ራቀ።

በስብራት እንዲህ ከሆነ፥ ወገቡን ለዓመታት ለሚያመው፥ ቁስሉም ለማይታይ ሰው ምን ይሆን?

በዚያ አገር ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፥ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረው፥ እንቅልፍና ሥራም እንዴት እንደ ከለከለው ለሐኪሙ ዘርዝሮ እንዲነግር ጻፉለት። የእኛ ሰው ሲጠየቅ «ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ይቀናዋልና።