የመርካቶ ባለሱቅና ያገሩ መንገድ

በመርካቶ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ክርና መርፌ፣ ሳሙናና ክብሪት የሚሸጥ ሰው ከትርፉ ቀንሶ ለትውልድ አገሩ መንገድ ወይም ትምህርት ቤት ሲሰጥ፣ ሥራው ብዙ ጊዜ በቸርነት ብቻ ይተረጐማል። ቸርነት የለበትም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በቅርብ ሲመረመር መዋጮው ከንግዱ ጋር የተሳሰረ ሆኖ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የአዲስ አበባን የጉራጌ ነጋዴዎች ምሳሌ በማድረግ ይህን መተሳሰር ለመግለጽ የታሰበ ነው።

እንደሚታወቀው የጉራጌ አገር የእንሰት አገር ነው። እንሰት ብዙ ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ ያኖራል፤ ጥሬ ገንዘብ ግን እምብዛም አያስገኝም። ስለዚህ ለግብርም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ገንዘብ ሲያስፈልግ ጐልማሳው ወደ ከተማ ይወጣ ነበር። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ዋናውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው መርካቶ ወደ ተባለው ስፍራ አዛወሩት፤ ከነጻነት በኋላም በሸክምና በቀን ሥራ ይተዳደር የነበረው ጉራጌ ቀስ በቀስ በዚያ ነጋዴ ሆነ። ብዙዎቹ በሊስትሮነት ጀምረው፣ ሱቅ በደረቴ ይዘው ዞረው፣ በመጨረሻ ከሱቅ የደረሱ ናቸው።

ይህ ሰው ሱቁን የሚከፍትበትን ገንዘብ ከየት አገኘው? ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ እርሱ ደግሞ የሚያስይዘው ቤት የለውም። ስለዚህ ዕቁብ ይገባል። ለምሳሌ ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ መቶ መቶ ብር ቢጥሉ፣ ዕጣ የወጣለት ሁለት ሺህ ብር ባንድ ጊዜ ይይዛል። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው የቀረውን አሥራ ዘጠኝ ሳምንት ሳይጥል ቢጠፋስ? ዕቁብ ለዚህ ያለው መከላከያ ዋስ ነው። የዕቁቡ ዳኛ ገንዘቡን የሚያስረክበው ዋስ ሲቀርብ ነው፤ ዋስ የሚሆነውም አባቱን፣ መንደሩንና ጠባዩን የሚያውቅ ያገሩ ልጅ ነው። እንግዲህ የትንሹ ነጋዴ ዋና ሀብት ስሙ ነው። ስሙም የሚጠበቀው በሱቁ ውስጥ ብቻ አይደለም። ከለቅሶ ያልቀረ፣ ለመስቀል አገሩ ሲገባ የወላጆቹን ያላጐደለ፣ መዋጮ ሲጠራ እጁን ያልሰበሰበ ሰው ዋስ አያጣም።

አጎቴ መርካቶ ውስጥ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለው፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ደብተሬን የሚገዛልኝ እርሱ ነበር። አንድ ዓመት ገበያው ቀዝቅዞበት ሳለ ለመንደራችን መንገድ መዋጮ ተጠራ። «ለምን ዘንድሮ አያልፍህም?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። «ዘንድሮ ካለፈኝ በሚመጣው ዓመት ዋስ ማን ይሆነኛል?» አለኝ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ደግሞ፣ «አያትህን በቃሬዛ ተሸክመን ዋናው መንገድ ሳንደርስ ነው ያረፈችብን» አለ። እኔ ከሁለቱ መልሶች አንዱን ብቻ እውነተኛ ምክንያት አድርጎ መምረጥ ስሕተት ይመስለኛል።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች የመንገድ ሥራ ድርጅት ሲያቋቁሙ አዲስ ነገር ከባዶ አልፈጠሩም፤ በዕቁብና በዕድር የለመዱትን መተማመን ወደ ሰፊ ጉዳይ አሸጋገሩት እንጂ። ከወልቂጤ በእምድብር በኩል ለሚወስደው መንገድ ባለሱቁም ሊስትሮውም አዋጥቷል። በዚያው ዘመን ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ ለሚሄደው መንገድ ደግሞ በመንገዱ ዳርና ዳር የሚኖሩ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ሌላ ማኅበር አቁመው ነበር። የጉራጌው ድርጅት ትምህርት ቤትንም ወደ ማሠራት ሄዷል፤ በኋላም የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት ተብሏል።

መንገዱ ለነጋዴው ራሱም ጠቅሟል። የመስቀል ጉዞ አጠረ፤ ቆጮና ቅቤ ወደ አዲስ አበባ፣ ጨርቃ ጨርቅ ወደ አገር ቤት በመኪና ተጫነ። ደግሞም ጐልማሳውን ከአገር ለማውጣት ቀና አድርጎታል፤ ይህን ግን ከመዋጮው ጥፋት የሚቈጥር ካለ፣ በእግር ይወጣ የነበረውን ሰው ረስቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስም ገና ያላበጀው ሊስትሮ የሚሰጠው ገንዘብ በቍጥር ትንሽ ቢሆንም ከገቢው አንጻር ከባድ ነው፤ እምቢ እንዳይል ደግሞ ወደፊት ዋስ ያጣል። ከአጎቴ ሱቅ ፊት ለፊት ጫማ የሚጠርግ ያገራችን ልጅ መዋጮውን ከፍሎ ለማታ ትምህርት የሚመዘገብበት አጣ። አጎቴ ይህን ሲሰማ መመዝገቢያውን ከኪሱ ከፈለለት፤ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ግን ይህ የሚጻፍበት ዓምድ የለም። ሊስትሮዎች ሱቅ እስኪከፍቱ ድረስ ከመዋጮ ነጻ እንዲሆኑ በስብሰባ ላይ አሳብ እንዲያቀርብ ለመንሁት። ሊስትሮዎቹ ራሳቸው አይቀበሉትም ብሎ መለሰልኝ።