በፍም ላይ የበሰለ ደበርጃን ለፍልሰታ ማዕድ

ነሐሴ በገባ ቁጥር በየቤታችን የሚሰናዳው የጾም ምግብ የታወቀ ነው፤ ቆሎው ይቆላል፣ ሽምብራው ይነከራል፣ ሱፉና ተልባው ይወቀጣል። ዛሬ የምናነሣው ግን ከአባቶቻችን ማዕድ ያልተወረሰ፣ ሆኖም ከጾም ሥርዓታችን ጋር የማይጋጭ አንድ ማባያ ነው። ይኸውም በሊባኖስ፣ በሶርያና በፍልስጥኤም ምድር ሙተበል ወይም ባባ ገኑጅ እየተባለ የሚጠራው፣ በፍም ላይ ተጠብሶ ጢስ ጢስ የሚለው የደበርጃን ድቁስ ነው።

ይህን ምግብ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ ስድስት ዓመት ያህል በቤሩት በቤት ሠራተኝነት ስትኖር ቆይታ በ2012 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። ያ ዓመት የሊባኖስ ገንዘብ ክፉኛ የወደቀበት፣ ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ያቋረጡበት፣ አንዳንዶቹም ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በዚያ ከሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለው የሄዱበት ዓመት እንደ ነበረ ይታወሳል። እርሷም የአሥራ አንድ ወር ደመወዟን ሳትቀበል መጣች። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተከፈላትም።

በዚያ ቤት ሳለች ረቡዕንና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም አልሻረችም። እንዴት እንደ ቻለችው በጠየቅኋት ጊዜ፣ «ማዳሟ ሙተበል ስለምትወድ ነው» ብላ ሳቀች። በዚያ አገር ክርስቲያኖችም ይጾማሉና ሥጋና ወተት የሌለበት ምግብ «ሲያሚ» ተብሎ በስሙ ይታወቃል፤ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ደበርጃኑ ከዚያ ወገን ነው። ችግሩ የነበረው ማዳሟ በሙተበሉ ላይ እርጎ መጨመር መውደዷ ላይ ነበር። ስለዚህ ልጅቱ እርጎው ከመግባቱ በፊት ለራሷ በትንሽ ሳሕን ከፍላ ታስቀምጥ ነበር። ይህን ስሰማ ነቢዩ ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት የንጉሡን መብል ትተው ጥራጥሬ ይሰጠን ያሉትን አስታወስሁ። እነርሱ ግን ለዐሥር ቀን የሚፈትናቸው ደግ አሳላፊ ነበራቸው፤ እርሷ የነበራት የራሷ ሳሕን ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት የፍልሰታ ዋዜማ ወደ ቤታቸው ጎራ ባልሁ ጊዜ አባቷ በበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል፤ ጥርሳቸው አልቋል። ቆሎ ማኘክ ካቆሙ ቆይተዋል፤ በጾም ወራት ኑሯቸው በሶ ብቻ ሆኖ፣ ሰውነታቸው ከዓመት ዓመት እየመነመነ ሄዷል። ለአረጋዊና ለበሽተኛ ቤተ ክርስቲያን በንስሓ አባት ፈቃድ ማቅለያ እንዳላት ብነግራቸው፣ «አንተ ልጄ፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የጾምሁትን ፍልሰታ በመጨረሻው ላስገድፈው?» ብለው ገሠጹኝ። ልጃቸው ከገበያ የገዛችውን ጥቁር ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፍሬ ሲያዩ ደግሞ ባሰባቸው። «ምንድን ነው ይኼ? እምቧይ ልታበዪኝ ነው?» አሉ።

ነገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። እምቧይና ደበርጃን የአንድ ቤተ ሰብ ተክሎች ናቸው፤ ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያም ከዚያው ወገን ናቸው። እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው የእምቧይን ፍሬ እንዳይቀምስ ሲነገረው ኖሯልና ቅጠሉንና እሾሁን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ደበርጃን ግን በእስያ፣ በተለይም በሕንድ ምድር ከጥንት ጀምሮ ሲለማ የኖረ አትክልት ነው። እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ ከግብፅ ከናፈቋቸው ከዱባው፣ ከኩራቱ፣ ከሽንኩርቱ መካከል ስሙ የለም፤ ወደ ሜድትራንያን ዳርቻ የገባው ከብዙ ዘመን በኋላ በፋርስና በዐረቦች በኩል ነውና። «ባዲንጃን» የሚለው የዐረብኛ ስም ራሱ ከፋርስ ቋንቋ የተገኘ ነው፤ የእኛው «ደበርጃን» የሚለው ስም ከእርሱ ጋር መቀራረቡ ጆሮ ላለው ሁሉ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1226 በባግዳድ የተጻፈው የአል ባግዳዲ የምግብ መጽሐፍ በደበርጃን የሚሠሩ ምግቦችን ይዟል።

ወደ አሠራሩ እንመለስ። ልጅቱ ሁለት መካከለኛ ደበርጃን መርጣ ነበር፤ በአንድነት አንድ ኪሎ ገደማ ይሆናሉ። ሲመረጥ ቆዳው የሚያበራ፣ ሲጫኑት ጠንከር ያለ፣ ለመጠኑ ግን ቀለል የሚል ይሁን። ያረጀው ፍሬው በዝቶና ጠቁሮ መራራ ይሆናል። ከዚያም በሹካ ጥቂት ቦታ ወጋ ወጋ አደረገችው፤ ይህ ካልተደረገ በውስጡ ያለው እንፋሎት መውጫ አጥቶ ሊፈነዳ ይችላል። ለቡና የተቀጣጠለው የከሰል ምድጃ ፍሙ ደህና ሲቀላ፣ ደበርጃኑን ሳትልጥና ሳትቆርጥ በቀጥታ በፍሙ ላይ አኖረችው።

የምግቡ ምስጢር ያለው በዚህ ላይ ነው። የጢሱ ጣዕም የሚመጣው ቆዳው ሲያርር ነው። ስለዚህ ቆዳው ሲጠቁር ተቃጠለብኝ ብሎ ማንሣት አይገባም፤ በጉጠት እያገላበጡ፣ ዙሪያውን ከስሎ፣ ሆዱ ተሸብሽቦ እስኪወድቅ ድረስ መጠበቅ ነው። እንደ ፍሙ ብርታት ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይወስዳል። ከአንገቱ አጠገብ ሲወጋ የሚቋቋም ከሆነ አልበሰለም፤ ያልበሰለ ደበርጃን ደግሞ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ምንም ቢቀምሙት አይመለስም። ጋዝ ምድጃ ያላቸው በነበልባሉ ላይ አኑረው ያንኑ ማድረግ ይችላሉ። በኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም በዳቦ መጋገሪያ ምድጃ መብሰሉ ይበስላል፤ ጢሱ ግን አይገኝም።

በዚህ ክረምት ብርድ ፈርቶ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ የብዙ ቤት ልማድ ነው። ከሰል ጭሱ ካለቀ በኋላም ሽታና ቀለም የሌለው ገዳይ አየር ያወጣል። ስለዚህ ሥራው በደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን፤ በቤት ውስጥ ከሆነም በርና መስኮት ይከፈት፤ ፍሙ ሳይጠፋም ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት አይገባም።

የበሰለውን ደበርጃን ጥቂት አቀዝቅዞ ቆዳውን በእጅ መላጥ ቀላል ነው። በውኃ ግን አይታጠብ፤ ውኃው ጢሱን ይዞት ይሄዳል። ጥቂት የከሰለ ቆዳ ቢቀርበት አይጎዳም። የተላጠው በወንፊት ላይ ለግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ምሬት ያለበት ፈሳሽ ይወርድለታል። ከዚያ በሹካ ወይም በእንጨት ዘነዘና ይደቆሳል። በመፍጫ ማሽን መምታት አይመከርም፤ ፍሬዎቹ ተፈጭተው ይመራሉ፣ ድቁሱም እንደ ሙጫ ይሆናል።

ቀጥሎ ጣሒና ያስፈልጋል፤ ጣሒና ማለት የተፈጨ ሰሊጥ ነው። በዚህ ረገድ የምንቸገርበት ምክንያት አይታየኝም፤ የሁመራ ነጭ ሰሊጥ ለጣሒና ተፈልጎ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚሄድ ነውና። ልጅቱ በቤሩት ከዕቃ ቤት እያወጣች የምትከፍተው ጣሒና ምናልባት ከአገሯ ምድር የበቀለ ይሆን እንደሆነ አስባ እንደማታውቅ ነግራኛለች። ሰሊጡ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፤ መልኩ እምብዛም ሳይለወጥ በለስላሳ እሳት ይታመሳል፤ ከዚያም በጥቂት ዘይት እስኪልም ድረስ ይፈጫል። አጥብቀው ከቆሉት ለወጥ የምናውቀው ሰሊጥ ይሆናል፤ ጢሱንም ይሸፍነዋል።

ለሁለቱ ደበርጃን አራት የሾርባ ማንኪያ ጣሒና፣ የአንድ ትልቅ ወይም የሁለት ትንንሽ ሎሚ ጭማቂ፣ በጨው የተወቀጠ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ይበቃል። ሎሚው በጣሒናው ላይ ሲፈስ መጀመሪያ ይጠጥራል፤ ተበላሸ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ቀዝቃዛ ውኃ በማንኪያ እየጨመሩ ሲያማስሉት ይነጣል፣ ይላላል፤ ያን ጊዜ ከደበርጃኑ ጋር ይዋሐዳል። በላዩ በአገራቸው የወይራ ዘይት ያፈሱበታል፤ በእኛ ቤት ሱፍ ዘይት ይሆናል። የኑግ ዘይት ጠረኑ ስለሚበረታ ለዚህ አይስማማም የሚል ግምት አለኝ። በሊባኖስ አንዳንዶች ሙተበል የሚሉት ጣሒና ያለበትን ነው፤ ባባ ገኑጅ የሚሉትን ያለ ጣሒና በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በሮማን ጭማቂ ይሠሩታል። ለጾመኛ ግን ጣሒናው አይቅር እላለሁ፤ ደበርጃን አብዛኛው ውኃ ሲሆን፣ ከሰሊጥ ክብደት ግማሽ ያህሉ ቅባት፣ አምስት እጅ ሆኖ ቢከፈል አንድ እጅ ገደማው ሰውነት የሚጠግን ፕሮቲን ነው። ከገበያ ወይም ከምግብ ቤት የሚገዛ ካለ ደግሞ እርጎ እንዳልገባበት አስቀድሞ ይጠይቅ።

ባባ ገኑጅ የሚለው ስም «የተሞላቀቀ አባት» እንደ ማለት ነው። አንዲት ልጅ ጥርስ ለሌለው አባቷ ደበርጃን እየደቆሰች ታበላው ነበር የሚል ተረት ይነገራል፤ ተረት እንጂ ታሪክ አይደለም። ለሽማግሌው ይህን ባወራቸው ጊዜ ፊታቸውን አዞሩ።

በማግሥቱ ቅዳሴ ወጥቶ አብረን ገባን። ልጅቱ ድቁሱን በሳሕን አቅርባ፣ እንጀራ ቆርሳ፣ «አባባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይቅመሱልኝ» አለች። ሽማግሌው ባርከው አንድ ጊዜ ጠቀሱ። ዝም አሉ። ሁለተኛ ጠቀሱ። «ጢሱ የእናትሽን ጓዳ ይመስላል» አሉ በመጨረሻ፤ እናቷ ያረፈችው ልጅቱ በቤሩት ሳለች ነው። ልጅቱ ለማንሣት ያልሞከረችውን ሳሕን ወደ ራሳቸው ጠጋ አድርገው፣ «ነገ ነጭ ሽንኩርቱን ጨመር አድርጊበት» ብለው አዘዟት።