አባቴ አውቶቡስ መሳፈር ለምን ተወ?

አባቴ ደጀን ነው የሚኖረው። በዓል በመጣ ቁጥር አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ ሰው ድንገት ቀረ። ስንጠይቀው «ደክሞኛል» ይለናል። ለካ አውቶቡሱ ዓባይ በረሃን ወርዶ ጎሃ ጽዮን እስኪወጣ ሽንቱን መያዝ አቅቶት ነው። ቅዳሴም የሚያስቀድሰው ለመውጣት እንዲመቸው በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ይነሳል። ለልጅ የሚነገር አልመሰለውም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

አንድ ማታ ከማኅበር ጠጥቶ ሲገባ ሽንቱ ጨርሶ እምቢ አለ። ሽንት በሚያወጣ ቱቦ (በካቴተር) ነው የተገላገለው።

ነገሩ የፕሮስቴት ዕጢ ማደግ ነው። ዕጢው ከፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧውን እንደ ቀለበት ከቦታል፤ በዕድሜ ሲያድግ ቧንቧውን ያጠበዋል። በ60ዎቹ ዕድሜ ከሁለት ወንዶች አንዱ ገደማ ላይ ይታያል። ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም፤ ምልክታቸው ግን ስለሚመሳሰል ሐኪም ይለየው።

አባቴን ዝም ያሰኘው «ሆድህን ይቀድዱሃል» የሚለው ወሬ ነበር። ሕክምናው ግን ብዙ ደረጃ አለው፦

🔹 ክኒን፦ ታምሱሎሲን የዕጢውን ጡንቻ ያላላል፤ በቀናት ውስጥ ለውጥ ይታያል። ፊናስቴራይድ ዕጢውን ያሳንሳል፤ እስከ 6 ወር መታገሥ ይጠይቃል።

🔹 በሽንት ቧንቧ በኩል፦ ሆድ አይከፈትም። ከወገብ በታች ይደነዝዝና ቀጭን መሣሪያ ገብቶ የዘጋውን ሥጋ ከውስጥ ይጠርባል። ከዚያ በኋላ የዘር ፈሳሽ ወደ ፊኛ መመለሱ የተለመደ ስለሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

🔹 አዳዲሶቹ፦ ዩሮሊፍት ዕጢውን በትንንሽ ማሰሪያ ወደ ጎን ይስባል፤ ረዙም በውሃ እንፋሎት ያከስመዋል። አሜሪካ የፈቀደቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2015 ነው። ብዙ ጊዜ አልጋ መያዝ አያስፈልጋቸውም፤ ግን ለሁሉም ዓይነት ዕጢ አይሆኑም፣ በየሆስፒታላችንም ገና አልገቡም።

🔹 በቀዶ ሕክምና ከፍቶ ማውጣት፦ ዕጢው በጣም ሲተልቅ ዛሬም ትክክለኛ መፍትሔ ነው፤ በአገራችንም በብዛት ይሠራል።

ሽንት ከዘጋ፣ ደም ከቀላቀለ ወይም ትኩሳት ካለ አትደሩ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ሲቆይ ኩላሊት ይጎዳል። መጠጥና አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም ሽንት ሊዘጉ ይችላሉ። እንደ አባቴ ደጀን አካባቢ ከሆናችሁ ደጀን ሆስፒታል ጀምሩ፤ ካስፈለገ ወደ ደብረ ማርቆስ ሪፈር ይጻፋል።

አባቴ የተጀመረለት በክኒን ነው። እኔን የሚቆጨኝ ያ ሁሉ ዝምታ ነው። ዛሬ ማታ ደውሉና «አባባ፣ ሌሊት ስንቴ ትነሳለህ?» በሉት። አፍሮ ከሳቀ፣ ደግማችሁ ጠይቁት።