የቅዱስ ያሬድ ዜማና የእማሆይ ፒያኖ

ጥንታዊ ዜማ በአዲስ መሣሪያ እንደምን እንደሚሰማ ለማወቅ የሚፈልግ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ድርሰት ያድምጥ። እማሆይ በ1937 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከቤተ ሰባቸው ጋር በፋሺስቶች ወደ አዚናራ ደሴት ተግዘው ነበር፤ ኋላም በግሸን ማርያም መንኵሰው ዐሥር ዓመት በባዶ እግራቸው ኖሩ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የቆሎ ተማሪዎች በሜዳ ሲያድሩ ተመለከቱ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ሙዚቃቸውን ለእነዚህ ልጆች መማሪያ ሊያውሉት ቆረጡ፤ የመጀመሪያውም ሸክላ በ1967 በጀርመን ሀገር ወጣ።

በሚከተለው ዓመት ኢጣልያዊው ሪዝ ኦርቶላኒ ለሀገሩ ቴሌቪዥን «ጥቁሩ ፍላጻ» ለተባለው፥ ታሪኩ በ15ኛው መቶ ዓመት ለሆነው ድራማ ሙዚቃ ደረሰ። እርሱ ያለፈውን ዘመን በአሳቡ መፍጠር ነበረበት፤ እማሆይ ግን ዛሬም ከሚዜምበት ጉባኤ ቤት ቀዱ። በ2023 በኢየሩሳሌም ዐረፉ።