አዳዲስ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ዋጋቸው የሚገባቸው ነውን?

የእኅቴ ልጅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። በየበዓሉ ከዘመድ የሚሰጠውን ብር ከአንድ ዓመት በላይ አጠራቅሞ፣ የጎደለውን ውጭ አገር ያለው የአባቱ ወንድም ሞልቶለት፣ አንድ አዲስ የኮምፒዩተር ጨዋታ በዲስክ አስመጣ። ዲስኩ በደረሰ ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰበሰበ። መሣሪያው ግን ጨዋታውን አልከፍትም አለ። በዲስኩ ላይ ያለው የጨዋታው ከፊል ብቻ ሲሆን፣ ከ80 ጊጋባይት በላይ የሆነው ቀሪ ክፍል በኢንተርኔት መውረድ ነበረበት። ልጁ ወደ እኔ ዞረና «ጋሼ፣ ከፍዬበት የለም እንዴ? ታዲያ ዕቃው የታለ?» ሲል ጠየቀኝ።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። ተማሪዎቻችን ስለ ጨዋታዎቹ አጨዋወት ከእኛ ከመምህራኑ ይልቅ እንደሚያውቁ የታወቀ ነው። ዋጋቸው እንዴት እንደሚወሰንና ለሚሰጡት ነገር ተመጣጣኝ መሆን አለመሆኑ ግን የሒሳብ፣ የኢኮኖሚክስና የሥነ ዜጋ ጥያቄ ስለሆነ፣ በዚህ ረገድ መምህሩ የሚያስተምረው ነገር አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለይቼ ካላመለከትሁ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ዋጋው ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

በቤት ውስጥ በቴሌቪዥን የሚካሄድ ጨዋታ በሰፊው እንዲታወቅ ካደረጉት መሣሪያዎች አንዱ አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1977 ያወጣው ነው። መሣሪያው ወደ 200 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር፤ ጨዋታዎቹም በካርትሪጅ እየሆኑ ለየብቻ ይሸጡ ነበር። በ1996 ኒንቴንዶ 64 የተባለው የጃፓን መሣሪያ አሜሪካ ሲገባ፣ አብዛኞቹ ካርትሪጆች ከ60 እስከ 70 ዶላር ይሸጡ ነበር። በዚያው ዘመን የሶኒ ፕሌይስቴሽን ጨዋታዎች ከዚህ ይረክሱ ነበር። ካርትሪጅ በውስጡ ውድ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ሲኖረው፣ ፕሌይስቴሽን የሚጠቀምበት ሲዲ ግን በትንሽ ወጪ የሚታተም ስለነበረ ነው።

ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ በትላልቆቹ ኩባንያዎች ዘንድ 60 ዶላር የአዲስ ጨዋታ መደበኛ ዋጋ ሆነ፤ ለ15 ዓመት ያህልም በዚያው ጸና። በ2020 አዳዲስ መሣሪያዎች ሲወጡ ወደ 70 ዶላር ከፍ አለ። በ2025 ደግሞ ኒንቴንዶ «ማሪዮ ካርት ወርልድ» የተባለውን ጨዋታ በ80 ዶላር አቀረበ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት አንድ ጨዋታውን በ80 ዶላር እንደሚሸጥ ካስታወቀ በኋላ፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ 70 ዶላር መልሶታል። ዋጋው ገና የሚያከራክር መሆኑን ይህ ያሳያል።

ለ. የዋጋ ንረት ክርክር

ሻጮቹ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ መከራከሪያ የዋጋ ንረት ነው። በአሜሪካ የሸቀጦች ዋጋ ከ2006 እስከ 2025 በአማካይ ወደ 60 በመቶ ገደማ አድጓል። ስለሆነም የ2006ቱ 60 ዶላር በ2025 ገንዘብ ሲተመን ወደ 96 ዶላር ይጠጋል። የ1996ቱ 60 ዶላር ደግሞ ከ120 ዶላር ያላነሰ ይሆናል። በዚህ ስሌት የዛሬው 80 ዶላር ከቀድሞው ዋጋ ያነሰ እንጂ የበለጠ አይደለም። ስሌቱ ትክክል ነው።

ይሁን እንጂ ስሌቱ ሁለት ነገሮችን ይዘላል። አንደኛ፣ ቀድሞ ለእያንዳንዱ ቅጂ ቺፕ፣ ካርቶን፣ መርከብና የሱቅ መደርደሪያ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ጨዋታ የሚሸጠው በኢንተርኔት ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ለማውጣት የሚጠይቀው ወጪ ከምንም አይቆጠርም። ዳቦ ጋጋሪ ለእያንዳንዱ ዳቦ አዲስ ዱቄት ያስፈልገዋል፤ ጨዋታ ሠሪ ግን አንድ ጊዜ ጋግሮ ሚሊዮን ጊዜ ይሸጣል። ሁለተኛ፣ ገዢው በዝቷል። በ2013 የወጣው «ግራንድ ቴፍት አውቶ 5» ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ «ማይንክራፍት» ደግሞ በ2023 ከ300 ሚሊዮን ማለፉ ተገልጿል። ገበያው እንዲህ ሲሰፋ የአንዱ ገዢ ድርሻ ሊቀንስ ይችላል። በመሆኑም የዋጋ ንረት ብቻውን ለዋጋ ጭማሪ በቂ ምክንያት አይሆንም።

ሐ. ለመሥራት ምን ያህል ይፈጃል?

ሁለተኛው የሻጮች መከራከሪያ የሥራው ወጪ ነው። እዚህም ላይ እውነት አላቸው። በ2023 በአሜሪካ ፍርድ ቤት በቀረበ ሰነድ «ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል 2» የተባለውን የ2020 ጨዋታ ለመሥራት ወደ 220 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደፈጀ ታውቋል። ሠዓሊው፣ የሙዚቃ ባለሙያው፣ ተዋናዩና ፕሮግራም ጸሐፊው ለዓመታት ደመወዝ ይከፈላቸዋል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ጨዋታ ለመሥራት 200 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ እንበል። እያንዳንዱ ቅጂ በ70 ዶላር ቢሸጥና የኢንተርኔት መደብሩ የተለመደውን 30 በመቶ ቢወስድ፣ ለሠሪው 49 ዶላር ይቀረዋል። 200 ሚሊዮንን ለ49 ስናካፍል ከ4 ሚሊዮን በጥቂቱ የሚበልጥ እናገኛለን። ይህን ያህል ቅጂ እስኪሸጥ ድረስ፣ የማስታወቂያው ወጪ ሳይቆጠር እንኳ፣ ሠሪው በኪሳራ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሸጠው ግን አብዛኛው ትርፍ ነው።

በአንጻሩ «ስታርዱ ቫሊ» የተባለውን የእርሻ ጨዋታ ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ደክሞ ሠርቶ በ2016 በ15 ዶላር አቀረበው። በ2024 መጨረሻ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጨመራቸውን ክፍሎችም በነፃ ሰጥቷል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የፈጀ ሁሉ የተሻለ ነው፣ ርካሽ የሆነ ሁሉም የወረደ ነው ማለት አይቻልም። ወጪ ሻጩ ለምን ያን ያህል እንደጠየቀ ያስረዳናል፤ ገዢው ምን እንዳገኘ ግን አይነግረንም።

መ. በሰዓት መለካት ይቻላልን?

ብዙ ተጫዋቾች ዋጋውን ለተጫወቱበት ሰዓት ያካፍላሉ። በ70 ዶላር የተገዛ ጨዋታ በ14 ሰዓት ካለቀ በሰዓት 5 ዶላር ሆነ ማለት ነው። በ15 ዶላር የተገዛው 100 ሰዓት ካጫወተ በሰዓት 15 ሳንቲም ይሆናል። ዘዴው ለመጀመሪያ ግምት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሊያሳስት ይችላል። አንዳንድ ጨዋታዎች ሰዓቱን የሚያረዝሙት አንዱን ሥራ መቶ ጊዜ በማስደጋገም ነው። እኛ መምህራን ይህን ለመረዳት አይቸግረንም፤ የ40 ደቂቃ ትምህርት ሰዓቱ ስለሞላ ብቻ ጥሩ ትምህርት አይባልም።

ከርዝመቱ ይልቅ የሚሻለው ጥያቄ «የተሸጠው ነገር ተሟልቷልን?» የሚለው ነው። በ1982 አታሪ «ኢ.ቲ.» በተባለው ፊልም ስም የሸጠው ጨዋታ በአምስት ሳምንት ገደማ ተጣድፎ የተሠራ ነበር። ብዙ ቅጂ ሳይሸጥ ቀርቶ፣ በ1983 ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በቆሻሻ መጣያ ተቀበረ፤ በ2014ም ተቆፍሮ ወጥቷል። በ2020 መጨረሻ የወጣው «ሳይበርፐንክ 2077» በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ላይ እጅግ ስለተበላሸ ሶኒ ከመደብሩ አውጥቶት፣ የገዢዎችንም ገንዘብ መልሷል። ጨዋታው ወደ መደብሩ የተመለሰው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ከዚያም እየታረመ መልካም ጨዋታ ሆነ፤ ዋጋውም ቀነሰ። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን የገዛው ሰው ከፍተኛውን ዋጋ ከፍሎ የተበላሸውን ዕቃ ወሰደ፤ የታገሠው ግን ባነሰ ዋጋ የተሻለውን አገኘ።

ሠ. በዋጋው ላይ የማይጻፍ ዋጋ

«በነፃ» የሚሰጡ ጨዋታዎችም አሉ። ከ2017 ጀምሮ የታወቀው «ፎርትናይት» ለመጀመር አያስከፍልም፤ የሚያስከፍለው ለልብስና ለጌጥ ነው። በታኅሣሥ 2022 ሠሪው ኤፒክ ጌምስ ከአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጋር ባደረገው ስምምነት 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚህም ውስጥ 245 ሚሊዮኑ ሳያስቡ ዕቃ እንዲገዙ ለተደረጉ ተጫዋቾች የሚመለስ ነው። በሌሎች ጨዋታዎች ደግሞ ልጁ ውስጡ ምን እንዳለ የማያውቀውን ሣጥን በገንዘብ ይከፍታል። ቤልጂክ በ2018 እንዲህ ያለው ሽያጭ የቁማር ሕጓን የሚጥስ መሆኑን አስታውቃለች። ቁማር ከኪስ የሚወስደው ብር በጨዋታው ሽፋን ላይ አይጻፍም።

ሌላው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በ2014 የወጣው «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ በኩባንያው ኮምፒዩተር በኩል ካልሆነ አይሠራም ነበር። ኩባንያው በ2024 አገልግሎቱን ሲዘጋ፣ ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙት ሰዎች ሊጫወቱበት አልቻሉም። ከ2025 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚሠራበት ሕግ፣ እንዲህ ያለውን ነገር የሚሸጥ ሁሉ ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ንብረት አለመሆኑን በግልጽ እንዲነግረው ያዛል። መጽሐፍ የገዛ ሰው ለልጁ ያወርሳል፤ የኮምፒዩተር ጨዋታ የገዛ ሰው ግን አንዳንዴ የሚከራይ ሰው ያህል ነው።

ረ. በእኛ አገር

ከዚህ በላይ የተመለከትነው ሁሉ በዶላር የታሰበ ነው። ወደ ብር ስንመልሰው መልኩ ይለወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ ባለ 70 ዶላር ጨዋታ በባንክ ተመን ወደ 4,000 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ከ8,000 ብር አልፏል። ጨዋታው አንድም ነገር ሳይጨመርበት፣ ሠሪውም ዋጋውን ሳይለውጥ፣ ለእኛ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆነ። የኢንተርኔቱ ወጪ ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። ለአንድ አሜሪካዊ ሠራተኛ የጥቂት ሰዓት ደመወዝ የሆነው ነገር ለእኛ የቤተሰብ አስቤዛ ነው።

የከተማ ልጆች ለዚህ ችግር መላ አላጡም። የፕሌይስቴሽን ቤቶች እንደ ጆተኒው ሁሉ በየሠፈሩ የተከፈቱት በዚህ ምክንያት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ግጥሚያ በ10 ብር ቢታሰብ፣ የ9,000 ብር ጨዋታ በ900 ግጥሚያ ራሱን ይመልሳል፤ የቤት ኪራይ፣ የመብራትና የመሣሪያው ወጪ ለብቻው ነው። አንድ ልጅ የማይችለውን ዋጋ ሠፈሩ ተካፍሎ ቻለው ማለት ነው። ገበጣ ለመጫወት ግን ጥቂት ጉድጓድና ጠጠር እንደሚበቃ፣ በዚያም መቁጠርና ማሰብ እንደሚለመድ ለተማሪዎቻችን ማስታወስ አይከፋም።

ሰ. በክፍል ውስጥ

ይህን ጉዳይ መምህሩ ለትምህርት ሊጠቀምበት ይችላል። የሒሳብ መምህር የንረቱን መቶኛና ወጪ የሚመለስበትን የሽያጭ ብዛት ያስላል። የኢኮኖሚክስ መምህር ቋሚና ተለዋዋጭ ወጪን በዳቦውና በጨዋታው ምሳሌ ያስረዳል። የሥነ ዜጋ መምህር የሸማቹን መብት ያወያያል። ተማሪዎችም አንድ ጨዋታ ከመግዛታቸው በፊት አራት ጥያቄዎች ቢጠይቁ ይጠቅማቸዋል፦

1. ተሟልቶ ወጥቷልን? ወይስ ገና እየታረመ ነው?
2. ከገዛሁ በኋላ ሌላ ምን ያስከፍለኛል? ኢንተርኔቱስ?
3. ኩባንያው አገልግሎቱን ቢዘጋ መጫወት እችላለሁን?
4. ስድስት ወር ብታገሥ ምን ይቀርብኛል?

ማጠቃለያ

እንግዲህ የአዲስ ጨዋታ ዋጋ ተገቢ ነውን? ከሥራው ወጪና ካለፈው ታሪክ አንጻር 70 ወይም 80 ዶላር ዘረፋ ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ያ ዋጋ በአብዛኛው የሚያስከፍለው ለጨዋታው ብቻ ሳይሆን ለመቸኮልም ነው። ጨዋታው ተሟልቶ ካልወጣ፣ ሌላ ክፍያ ካስከተለ፣ ወይም የባለቤትነት መብት ከሌለበት ለሚሰጠው ነገር ውድ ነው እላለሁ። በብር ለሚከፍል ተማሪ ደግሞ፣ ጨዋታው መልካም ቢሆንም እንኳ፣ ዋጋው ከአቅሙ ጋር አይገናኝም።

የእኅቴ ልጅ ጨዋታ ሌሊት ሌሊቱን እየወረደ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተከፈተ። ልጁ ወዶታል፤ ይህን መካድ አይገባም። በስድስተኛው ወር ግን ያው ጨዋታ በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ አይቶ፣ የጠየቀኝን ጥያቄ ራሱ መለሰው፦ «ጋሼ፣ ለካ ግማሹን የከፈልሁት ቶሎ ልየው ብዬ ነው!» ሌሎቹም ተማሪዎቻችን ይህን ብራቸውን ሳይከፍሉበት በፊት እንዲያውቁት ማድረግ የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው።