በመቀሌ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የስንብት ሳምንትና የክፍል ልማድ

የአገራችንን ልማድ ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚመለከተው ሠርግን፣ ለቅሶን፣ ዓመት በዓልንና እርሻን ነው። ትምህርት ቤት ልማድ የሚረሳበት እንጂ ልማድ የሚወለድበት ቦታ አይመስለውም። ነገር ግን ወጣቶች ለዓመታት አብረው በሚውሉበት ስፍራ ሁሉ የራሳቸው ሥርዓት፣ የራሳቸው ቀልድና የራሳቸው በዓል ሳይፈጠር አይቀርም። እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች በመቀሌ ከተማ የተማርን ስለሆንን፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመለያየታቸው በፊት የሚያከብሩትን ሳምንትና ከእርሱ ጋር የተያያዘውን የክፍል ኑሮ፣ ያየነውን ከጠየቅነው ጋር አስተያይተን ባጭሩ እንገልጻለን። የትምህርት ቤታችንን ስም መጥራት አላስፈለገንም፤ ነገሩ በጥቂት ልዩነት በሌሎቹም ዘንድ ያው ነውና።

የክፍሉ ኑሮ

የስንብቱን ሳምንት ለመረዳት አስቀድሞ የክፍሉን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀኑ የሚጀምረው በደወልና በሰልፍ ነው። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ተማሪው በየሴክሽኑ ይገባል። ሴክሽን ማለት አንድ ክፍል ሲሆን፣ ተማሪው ከሌላው የሚለይበት ስሙም ጭምር ነው። በኳስም ሆነ በጥያቄና መልስ ውድድር ተማሪው የሚፎካከረው ለሴክሽኑ ነው። በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነው የሚቀመጡ ልጆች በዓመቱ መጨረሻ እንደ ወንድማማች ይሆናሉ። የኋላ ዴስክ ደግሞ የራሱ ባለቤቶች አሉት፤ መምህሩ ወደ ፊት ቢያመጣቸውም በሳምንቱ ተመልሰው እዚያው ይገኛሉ።

ከተማሪዎቹ መካከል ሹመት ያለው የክፍል አለቃው ነው። ጠመኔና ዳስተር ያመጣል፤ መምህር ሲዘገይ የረባሾችን ስም በወረቀት ይይዛል። ወረቀቱ ለመምህሩ ከመድረሱ በፊት ስሙን ለማስፋቅ የሚደረገው ልመና ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። ስም ሲጠራ ለቀረ ጓደኛ «አቤት» ማለትም የቆየ ልማድ ሲሆን፣ መምህሩ ድምፁን ከለየ ግን ሁለቱም ይቀጣሉ።

የቋንቋውም ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በትግራይ ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል በትግርኛ ይሰጣል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ አማርኛ ደግሞ እንደ አንድ ትምህርት ይቀርባል። ስለዚህ መምህሩ ትርጓሜውን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ማብራሪያውን በትግርኛ ያክላል፤ ቀልዱና ተግሣጹ ግን ምን ጊዜም በትግርኛ ነው። ታላላቆቻችን ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በየክፍሉ የተሰቀለውን ፕላዝማ ያስታውሳሉ። በመስታወቱ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጥያቄ አይሰማም፤ ጽፎ ያልጨረሰውንም አይጠብቅም። መብራት በጠፋ ጊዜ ክፍሉ በእልልታ ይሞላ እንደ ነበር፣ ከዚያም በኋላ በሥፍራው ያለው መምህር ጠመኔ አንሥቶ እንደ ገና ከመጀመሪያው ያስረዳቸው እንደ ነበር ነግረውናል።

የሳምንቱ ቀኖች

የስንብቱ ሳምንት የሚውለው ብሔራዊው ፈተና ከመድረሱ በፊት፣ በአብዛኛው በግንቦት ወይም በሰኔ ነው። የቀኖቹ ቁጥርና ተራ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። በብዙዎቹ ዘንድ የሚገኙት ግን ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «ክሬዚ ደይ» የሚባለው ነው። በዚህ ቀን ተማሪው ዩኒፎርሙን ገልብጦ ይለብሳል፤ በአንድ እግሩ ሸራ ጫማ በሌላው ነጠላ ጫማ ያደርጋል፤ ወንዱ የእናቱን ሻሽ ያስራል፤ ሴቷ የአባቷን ኮት ትደርባለች። አንዳንዱም የመምህሩን አረማመድና አነጋገር ይቀዳል። ዓመቱን ሙሉ ሸሚዙ ከሱሪው ወጣ ተብሎ የተቀጣ ልጅ፣ በዚህ ቀን ሕጉን በፈቃድ ይሽራል።

ሁለተኛው የባህል ቀን ነው። ልጃገረዶቹ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ጠጕራቸውን ጋሜ ወይም ግልብጭ ተሠርተው ይመጣሉ። ወንዶቹ ነጭ ለብሰው ነጠላ ያጣፋሉ። ከየቤቱ ሕምባሻ ይመጣል፤ ከገብስ ዱቄት ተድቦልቡሎ በሹል እንጨት ወጥ እየተነከረ የሚበላው ጥሕሎም ይቀርባል። ከበሮው በመሐል ሆኖ ተማሪው ዙሪያውን እየዞረ ይጨፍራል። በዚህ ቀን መምህራንም ከክቡ ይገባሉ።

ሦስተኛውና የሳምንቱ ዋና የሆነው «ከለር ደይ» ነው። ተማሪዎቹ አስቀድመው ገንዘብ አዋጥተው ነጭ ከነቴራ ከገበያ ይገዛሉ፤ በጀርባውም የሴክሽናቸውንና የዓመቱን ስም ያሳትማሉ። በዕለቱ ቀለም በውሃ በጥብጠው በኃይላንድ ጠርሙስ ይይዙና ይረጫጫሉ። ቀለሙ ከመረጨቱ በፊት ግን ሌላ ሥራ አለ፤ እርስ በርሳቸው በማርከርና በስክሪፕቶ በከነቴራው ላይ ስማቸውን፣ ምኞታቸውንና ቀልዳቸውን ይጽፋሉ። ብልህ የሆነ ተማሪ ሁለት ከነቴራ ይገዛል፤ አንዱን ለቀለሙ፣ ሁለተኛውን ለፊርማው። የተፈረመበት ከነቴራ አይታጠብም፤ ታጥፎ በሣጥን ይቀመጣል።

ልማዱ ከየት መጣ

ስሞቹ እንደሚያመለክቱት ልማዱ የባዕድ መልክ አለው። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ስፒሪት ዊክ» የሚባል ሳምንት አለ፤ ተማሪዎች በየቀኑ በተለየ አለባበስ ይመጣሉ። ቀለም መረጫጨትም በህንድ አገር በሆሊ በዓል የታወቀ ነው። ወደ እኛ ግን የደረሰው በአብዛኛው በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራቂዎች በኩል ነው ብለን እንገምታለን፤ ታናሽ የታላቁን ያያልና።

ነገር ግን መልኩ እንግዳ ቢሆን መንፈሱ እንግዳ አይደለም። በትግራይ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በሚከበረው አሸንዳ ልጃገረዶች ለምለሙን ሣር በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ ይዘው እየዘፈኑ በየቤቱ ይዞራሉ። በእነዚያ ቀኖች ከቤት ሥራ ያርፋሉ፤ በሌላ ጊዜ የማይናገሩትንም በዘፈን ይናገራሉ። በቡሄም ወንዶች ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ የባለቤቱን ደጅ ይመታሉ። ሥርዓት ላላ የሚልበት፣ ታናሽ በታላቅ ፊት የሚደፍርበት የተወሰነ ቀን በአገራችን የቆየ ነገር ነው። ቀኑ የተወሰነ ስለሆነም ሥርዓቱን አያፈርሰውም፤ ይልቁንም ያድሰዋል። የትምህርት ቤቱ «የእብደት ቀን» ከዚህ ዘር የተለየ ሆኖ አልታየንም።

ተቃውሞው

ልማዱን የሚነቅፉ ብዙዎች ናቸው። ወላጆች ወጪውን ያነሣሉ፤ መምህራን የሚባክነውን የጥናት ጊዜ ይቈጥራሉ፤ ሌሎችም የውጭ አገር ቅጅ ነው ይላሉ። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. መጋቢት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ ተማሪዎች ራሳቸው ባዕድ ባህል ነው ብለው በብርቱ ተቃውመው ነበር። ዛሬ ነቃፊው ታላቅ፣ አክባሪው ተማሪ ሆኖ ነገሩ ተገለበጠ።

የነቃፊዎቹ ቃል ከንቱ አይደለም። ከነቴራውን መግዛት ያልቻለ ልጅ በዚያ ቀን ከቤቱ መዋሉን እኛም አይተናል። በአንዳንድ ሴክሽን ያላቸው ለሌላቸው ያዋጣሉ፤ ይህ ግን በሁሉም ዘንድ አልተለመደም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሊመዘን የሚገባው ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ብሔራዊ ፈተና በአገሪቱ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆኑ። እንግዲህ ከ100 ተማሪዎች ከ90 በላይ የሆኑት በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ውጤት አላገኙም ማለት ነው። ለእነዚህ ወጣቶች ጋዋን የሚለበስበት ምረቃ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ብዙው ተማሪ በሕይወቱ የሚያገኘው ምረቃ ይኸው ከለር ደይ ነው። ነቃፊዎቹ የሚያዩት የቀለሙን ብክነት ነው፤ ተማሪው የሚያየው ግን የመጨረሻውን ቀን ነው።

ያለ ስንብት የተለያዩት

የዚህን ሳምንት ዋጋ ያወቅነው በቀረ ጊዜ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ታዘዘ። እኛ ያን ጊዜ የታችኛው ክፍል ተማሪዎች ነበርን። የ12ኛ ክፍል ታላላቆቻችን ለ15 ቀን ነው ብለው ደብተራቸውን በዴስካቸው ውስጥ ትተው ሄዱ። 15ቱ ቀን ወር ሆነ፣ ወሩም ክረምት ሆነ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ። ብዙ የመቀሌ ትምህርት ቤቶች ለተፈናቀሉ ወገኖች መጠለያ ሆኑ፤ በጥቁር ሰሌዳው ሥር ቤተሰብ ተኛ፣ ዴስኩም ለማገዶ የዋለበት ቦታ ነበረ። የሰላሙ ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ከተፈረመ በኋላ፣ ትምህርት የተጀመረው በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሊፈተኑ ይገባቸው የነበሩት የትግራይ ተማሪዎች ፈተናውን የወሰዱት በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። 18 ዓመት ሆኖት ደብተሩን ትቶ የሄደው ልጅ 22 ሆኖት ተመለሰ። ያልተመለሱም አሉ።

ከተመለሱት አንዱን ስለ ስንብቱ ሳምንት ጠይቀነው ነበር። «ቀለሙ አልቀረብኝም፤ የቀረብኝ ፊርማው ነው» አለን። በዚያ ዴስክ ሦስት ሆነው ይቀመጡ ነበር፤ አንዱ በጦርነቱ ሞቷል፣ ሁለተኛው በስደት ወጥቶ ወሬው አልተሰማም። የሁለቱም የእጅ ጽሑፍ በእርሱ ዘንድ የለም።

ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ሳምንቱ እንደ ገና በተከበረ ጊዜ በእኛ ሴክሽን አንድ አዲስ ነገር ታየ። ተማሪዎቹ ከመፈራረማቸው በፊት በየከነቴራቸው ጀርባ የቀሩትን ጓደኞቻቸውን ስም ጻፉ። የክፍል አለቃውም ስሞቹን አንድ በአንድ ጠራ። በሌላ ጊዜ ለቀረ ጓደኛ «አቤት» ማለት ያስቀጣ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ሴክሽኑ በሙሉ ለእያንዳንዱ ስም «አቤት» አለ፤ መምህራችንም አጠገባችን ቆመው ነበር፣ ዝም አሉ። ቀለም መረጨት የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ የምንረዳው ልማዱ የተቀዳ ቢሆንም በቅጅነቱ እንዳልቀረ፣ የአገሩ ልጆች የራሳቸውን ኀዘንና ደስታ እንደጨመሩበት ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ሳምንቱን ፈጽሞ ከመከልከል ይልቅ ሥርዓት ቢያበጁለት የተሻለ ይመስለናል፤ ይኸውም ቀኑ ከፈተናው ራቅ ብሎ እንዲውል፣ ከነቴራውም ለሌለው ተማሪ በመዋጮ እንዲገዛ ነው። የሌላ ከተማ ተማሪዎችም የየትምህርት ቤታቸውን ልማድ ጽፈው ቢያቀርቡ፣ ነገሩን አስተያይቶ ለመመርመር ይቻላል።