ከካቻቪቴው በፊት ሜትሩ፦ የበር እጀታን ራስዎ ለመቀየር

የበር እጀታ ሲበላሽ አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ በሽቦ አስሮ ወራት ይገፋል፣ ወይ ወደ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ሄዶ ዓይኑ የወደደውን ገዝቶ ይመለሳል። የገዛው ሰው ቤት ደርሶ ሊገጥም ሲሞክር የአዲሱ ብሎን ቀዳዳ ከአሮጌው ጋር አይገናኝም፤ ወይም ቁልፍ የሚገባበት ቦታ በሽፋኑ ብረት ይከደናል። ዕቃውን ሊመልስ ሲሄድ ደግሞ ማሸጊያው ተቀዷል።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። አንድ ካቻቪቴ፣ አንድ ሜትርና ትንሽ ትዕግሥት ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። የሚያስቸግረው መፍታትና ማሰሩ ሳይሆን የተበላሸው የቱ እንደሆነ ለይቶ፣ ትክክለኛውን ልክ ይዞ ገበያ መውጣቱ ነው።

በሩ ላይ ያሉት ሦስት ዕቃዎች

በኮንዶሚኒየምም ሆነ በግል ቤት የእንጨት በር ላይ በብዛት የምናገኘው ሰረገላ ቁልፍ የሚባለውን ነው። ከውጭ ሲያዩት አንድ ዕቃ ይመስላል፤ ሲፈታ ግን ሦስት ነው።

የመጀመሪያው እጀታው ነው። ከውስጥና ከውጭ ያሉት ሁለት እጀታዎች ከነሽፋናቸው በሩን መሐል አድርገው ይታሰራሉ። አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው በሩን አቋርጦ የሚያልፍ አራት ማዕዘን ዘንግ ነው። ሁለተኛው ሰረገላው ነው፦ በበሩ ውፍረት ውስጥ ተቀብሮ ከጠርዙ በኩል ጠባብ ፊቱ ብቻ የሚታይ የብረት ሳጥን። በሩ ገጭ ሲል መቃኑ ውስጥ የሚገባው ተዳፋት ፊት ያለው ምላስም፣ ቁልፍ ሲዞር የሚወጣው ድፍን መቀርቀሪያም የሚኖሩት እዚህ ውስጥ ነው። ሦስተኛው ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ነው።

እጀታውን ሲጫኑት ዘንጉ ይዞራል፤ ዘንጉ ምላሱን ወደ ውስጥ ይስባል፤ እጅዎን ሲያነሡ ሞላ ሁሉንም ወደ ቦታው ይመልሳል። ሦስቱም ዕቃዎች ለየብቻ ሊገዙና ሊቀየሩ ይችላሉ። እጀታው ስለተሰበረ ብቻ ሰረገላውንም ሲሊንደሩንም መለወጥ፣ ለቤተሰቡም ሁሉ አዲስ ቁልፍ ማስቀረጽ አያስፈልግም።

የተበላሸው የቱ ነው?

እጀታው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ ወይ የሽፋኑ ብሎኖች ላልተዋል ወይ የሚመልሰው ሞላ ተሰብሯል። በመጀመሪያ ብሎኖቹን ጠበቅ አድርገው ይዩት፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ እጀታዎቹን አውልቀው ዘንጉን ብቻውን ሰረገላው ውስጥ ይክተቱትና በፒንሳ ይዘው ያዙሩት። ምላሱ ወደ ውስጥ ከገባና ሲለቁት ተስፈንጥሮ ከወጣ ሰረገላው ደህና ነው፤ የሚቀየረው እጀታው ብቻ ነው። ምላሱ እያመነታ ከወጣ ወይም ውስጥ ከቀረ ግን የመቶ ዓመት ዋስትና ያለው እጀታ ቢገዙም አይረዳዎትም፤ መቀየር ያለበት ሰረገላው ነው።

እጀታው በባዶው የሚዞር ከሆነ ዘንጉን አውጥተው ጥጎቹን ይመልከቱ። ጥጎቹ ተበልተው ዘንጉ ወደ ክብነት ካዘነበለ፣ ወይም ዘንጉ የሚገባበት የእጀታው ቀዳዳ ከሰፋ፣ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

በክረምት የሚመጣ አንድ አሳሳች ችግር ደግሞ አለ። የእንጨት በር እርጥበት ሲስብ ያብጣል፤ የማጠፊያው ብሎን ሲላላም በሩ በራሱ ክብደት ዝቅ ይላል። ያኔ ምላሱ መቃኑ ላይ ካለው የብረት ቀዳዳ ጋር ስለማይገናኝ በሩ አልዘጋ ይላል፤ ጥፋቱም በእጀታው ይላከካል። ለማረጋገጥ የምላሱን ጫፍ ሊፕስቲክ ቀብተው በሩን ገፋ አድርገው ይዝጉት። ሲከፍቱት ቀለሙ ያረፈው ከቀዳዳው በታች ከሆነ በሩ ወርዷል፤ መጥበቅ ያለበት የላይኛው ማጠፊያ ብሎን ነው። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ የመቃኑን ብረት በሞረድ ማስፋት ይበቃል። ያበጠውን በር በክረምት ቸኩሎ መላግ ግን አይመከርም፤ በበጋ እንጨቱ ሲደርቅ ክፍተት ይተዋል።

ከቤት ከመውጣትዎ በፊት የሚለኩት

ከሁሉ የሚሻለው አሮጌውን እጀታ ፈትቶ በፌስታል ይዞ መሄድ ነው። መርካቶም ሆነ ሰፈር ውስጥ ያለ ባለሱቅ አሮጌውን ዕቃ ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ እኩያውን ያወርድልዎታል። በሩን ያለ እጀታ ትቶ መውጣት ካልተቻለ፣ እነዚህን በወረቀት ይጻፉ፤ በስልክዎም ፎቶ ያንሡ።

1. ከዘንጉ መሐል እስከ ሲሊንደሩ ቁልፍ መግቢያ መሐል ያለው ርቀት። ዋናው ልክ ይህ ነው። በብዛት 72 ወይም 85 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ጣሊያን ሠራሽ በሆኑት ላይ 90፣ በአሉሚኒየም በሮች ላይ ደግሞ 92 ያጋጥማል። በ72ና በ85 መካከል ያለው ልዩነት 13 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን አይለይም። የ72 ሽፋን በ85 ሰረገላ ላይ ሲያስቀምጡት ግን ቁልፍ ማስገቢያው በከፊል በብረት ይሸፈናል።

2. የዘንጉ ውፍረት። በአብዛኛው 8 ሚሊሜትር ነው፤ 7 የሆነም አለ። ቀጭን ዘንግ በሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ እጀታው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንቀጫቀጫል።

3. የበሩ ውፍረት። የብሎኖቹንም የዘንጉንም የሲሊንደሩንም ርዝመት የሚወስነው ይህ ነው።

4. የሽፋኑ ርዝመትና ስፋት፣ እንዲሁም በብሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት። አዲሱ ሽፋን ከአሮጌው ካነሰ የድሮው ቀዳዳና ቀለም ያልነካው እንጨት ይጋለጣል።

5. ሰረገላው የሚቀየር ከሆነ፣ ከበሩ ጠርዝ እስከ ዘንጉ መሐል ያለው ርቀት። በእንጨት በር ላይ 45፣ 50 ወይም 55 ሚሊሜትር ማግኘት የተለመደ ነው። ጠባብ የአሉሚኒየም በር ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ይፈልጋል።

በሩ ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ እንደሚከፈትም ያስታውሱ። የምላሱ ተዳፋት ፊት በሩ ወደሚዘጋበት አቅጣጫ መዞር አለበት። በብዙ ሰረገላዎች ላይ ምላሱን ገልብጦ ማስተካከል ይቻላል፤ ሁሉም ግን አይገለበጡም፤ ስለዚህ ሲገዙ ይጠይቁ።

መደብሩ ውስጥ

የሚያብረቀርቅ እጀታ ሁሉ አንድ አይደለም። ርካሾቹ በአብዛኛው ከዚንክ ቅይጥ ፈስሰው በኒኬል ወይም በክሮም የተለበጡ ናቸው። የሚሰበሩት አንገታቸው ላይ ነው፤ ስብራቱን ቀርበው ሲያዩት ከልባሱ ሥር ግራጫና አሸዋማ ሆኖ ይታያል። ናስና ስቴንለስ ግን በኃይል ሲጫኗቸው ከመሰበር ይልቅ ይታጠፋሉ። ብዙ ሰው ለሚመላለስበት በር ከበድ ያለውን መግዛት ያዋጣል፤ ለዕቃ ቤት በር ርካሹ ይበቃል።

እጀታውን ከሽፋኑ ጋር ይዘው ወደ ጎን ነቅነቅ ያድርጉት። አዲስ ሆኖ የሚንገጫገጭ ከሆነ ይተዉት። ከማሸጊያው ውስጥ ዘንጉና ረጃጅሞቹ ብሎኖች መኖራቸውንም እዚያው ቆመው ይቁጠሩ። አዛውንት ወይም እጁ የሚያመው ሰው ባለበት ቤት በጭብጥ ከሚዞረው ክብ እጀታ ይልቅ ወደ ታች የሚጫኑት ይመረጣል፤ እጅ ሥራ ቢይዝም በክርን ይከፈታል።

አፈታትና አገጣጠም

በሩን ከፍተው እንዳይዘጋ ሥሩ ሽብልቅ ያስገቡ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ በሩ መዘጋት የለበትም፤ እጀታ የሌለው በር ምላሱ መቃኑ ውስጥ ከገባ ከክፍሉ መውጣት አይቻልም። ትናንሽ ብሎኖች እንዳይጠፉ ወለሉ ላይ ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ።

የሽፋኑን ብሎኖች ከውስጥ በኩል ይፍቱ። ብሎን ካልታየዎት ሁለት ቦታ ይፈልጉ፦ ከእጀታው አንገት ሥር ባለስድስት ጎን ቀዳዳ ያላት ደቃቅ ብሎን ልትኖር ትችላለች፤ ወይም ክቡ ሽፋን በጫና የተገጠመ ክዳን ሊሆን ይችላል፤ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ጠርዙን ቀስ ብለው ሲያነሡት ብሎኖቹ ከሥሩ ይገኛሉ። ሽፋኑ በቀለም ከበሩ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ዙሪያውን በምላጭ ይቁረጡት፤ ካልሆነ ቀለሙ ከነሽፋኑ ይላጣል።

አዲሱን ሲገጥሙ ዘንጉን አስቀድመው ያስገቡ። ሁለቱን እጀታዎች ከግራና ከቀኝ ሰክተው ሽፋኖቹ ከበሩ ጋር ልክ መተኛታቸውን ይዩ። ካልተኙ ዘንጉ ረዝሟል፤ የተረፈውን በብረት መጋዝ ይቁረጡት። ብሎኖቹም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለመቁረጫ የሚሆን ሰርጎድ ያለ ምልክት ስላለ፣ በበሩ ውፍረት መጠን እዚያው ላይ ይሰበራሉ።

ብሎኖቹን በመጀመሪያ በእጅ ብቻ ያስገቡ፤ ከዚያም አንዱን ጥቂት፣ ሌላውን ጥቂት እያፈራረቁ ያጥብቁ። እዚህ ላይ ኃይል ማብዛት ጉዳት አለው። ብዙዎቹ የውስጥ በሮች ሆዳቸው ክፍት ስለሆነ ሽፋኑ ሲጨመቅ የበሩን ገጽ ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል፤ እጀታውም ይነክሳል። እጀታው ተጭኖ ሲለቀቅ በራሱ ከተመለሰ ጥብቀቱ በቅቷል።

የብሎኑ ቀዳዳ ሰፍቶ ብሎኑ በባዶ የሚዞር ከሆነ፣ የክብሪት እንጨቶችን በእንጨት ኮላ ነክረው ቀዳዳው ውስጥ ይጠቅጥቁና ይድረቅ። የተረፈውን በምላጭ ቆርጠው ብሎኑን መልሰው ያስገቡት፤ እንደ አዲስ ይይዛል።

በሩን ከመዝጋትዎ በፊት፣ ክፍት እንዳለ፣ እጀታውን ከሁለቱም ወገን ይሞክሩ፤ ቁልፉንም ከውስጥና ከውጭ ያዙሩት። ሁሉም ከሠራ ብቻ ይዝጉ፤ ያም ቢሆን ሌላ ሰው ቁልፍ ይዞ በወዲያኛው በኩል ቢቆም መልካም ነው።

ሲሊንደሩ የሚቀየርበት ጊዜ

ቁልፍ ከጠፋ፣ ተከራይ ከለቀቀ ወይም ቤቱን አዲስ ከገዙ፣ እጀታው ደህና ቢሆንም ሲሊንደሩ መቀየር አለበት። በውስጡ ከፍታቸው የተለያየ ትናንሽ ፒኖች አሉ፤ ትክክለኛው ቁልፍ ሁሉንም በአንድ መስመር ሲያስተካክላቸው ብቻ ይዞራል። አሜሪካዊው ሊነስ ዬል በ1861 እና በ1865 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣበት አሠራር መሠረቱ ይኸው ነው። ሲሊንደሩ ሲለወጥ የድሮው ቁልፍ ቅጂ ሁሉ፣ በማንም እጅ ይሁን፣ ከንቱ ይሆናል።

ለማውጣት በበሩ ጠርዝ ላይ ከሲሊንደሩ ትይዩ ያለውን ረጅም ብሎን ይፍቱ። ቁልፉን አስገብተው ጥቂት ዘንበል ያድርጉትና ይሳቡ። ካልወጣ በኃይል አይጎትቱ፤ በሲሊንደሩ መሐል ያለችው ጥርስ ከአካሉ ጋር እስክትስተካከል ቁልፉን ወዲያና ወዲህ ያዙሩት። አዲሱ ከአሮጌው ጋር እኩል ርዝመት ይኑረው፤ መሐሉ ካለው የብሎን ቀዳዳ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለየብቻ ይለኩት። በውጭ በኩል ከሽፋኑ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ብቅ ያለ ሲሊንደር ሌባ በመሣሪያ ይዞ ሊሰብረው ይቀለዋል።

ቁልፉ የሚጠነክርብዎት ከሆነ የምግብ ዘይት አያፍስሱበት፤ አቧራ ይሰበስብና ይብስበታል። የእርሳስ ጥቁር ዱቄት ቁልፉ ጥርስ ላይ አሽተው ደጋግመው ማስገባትና ማውጣት ይሻላል።

በራስዎ የማይነኩት

የግቢ በር ላይ ያለ የተበየደ እጀታ የበያጅ ሥራ ነው። ከላይም ከታችም የሚቀረቅር ከባድ የመግቢያ በር፣ እንዲሁም ቁልፍ ውስጡ የተሰበረበት በር ባለሙያ ይፈልጋል። ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ሲሊንደር ከመቀየርዎ በፊት አከራይዎን ያነጋግሩ።

አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች ልኩ ይለያል። በዚያ አገር የውስጥ በር ላይ የተለመደው ሰረገላ ሳይሆን በ54 ሚሊሜትር ክብ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ነው። ከበሩ ጠርዝ እስከ ቀዳዳው መሐል ያለው ርቀትም 60 ወይም 70 ሚሊሜትር ነው፤ ብዙዎቹ አዲስ ምላሶች ለሁለቱም ልክ ይስተካከላሉ። ከአዲስ አበባ የተላከ ቆንጆ እጀታ እዚያ በር ላይ አይገጥምም፤ ከዚያ የመጣውም እዚህ በቀላሉ አይገባም።

ሥራው ሲያልቅ የለኳቸውን ቁጥሮች ከተረፉት ብሎኖች ጋር በአንድ ፖስታ ከተው ያስቀምጡ። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ በሮች ብዙውን ጊዜ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ጊዜ የተገዙ ናቸው፤ አንዱ እጀታ ሲሄድ ሌሎቹም ብዙ አይቆዩም። በሚቀጥለው ጊዜ ለባለሱቁ ቁጥሮቹን ነግረው ዕቃውን ይዘው ይመለሳሉ።